ወንዙ የወሰደው መሬት ባለቤት ነበረው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በዓለም ገጽ ላይ ስለ ማጁሊ ደሴት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁት። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ግዛት፣ በብራህማፑትራ ወንዝ መካከል ስላለችው ስለዚያች አውራጃ በአማርኛ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነውና መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጽሑፉን ስጨርስ ግን ደስታው ወደ ቅሬታ ተለወጠ። ጸሐፊው «በዓለም ትልቋ የወንዝ ደሴት» ብሎ ጀመረ፤ ስፋቷ 880 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው አለ፤ «ቀስ በቀስ እየሰጠመች ነው» ብሎ ዘጋው። በመካከሉ የጀልባ፣ የጭምብልና የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶግራፎች አሉ። በ2011 በተደረገው ቆጠራ 167,304 ሰው የተመዘገበበት ምድር ሆኖ ሳለ፣ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ሰው ምን እንደሚያርስ፣ ለማን አቤት እንደሚል፣ መሬቱን ወንዝ ሲወስድበት ወዴት እንደሚሄድ አልተነገረም። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ጡረታ የወጣሁ የውኃ መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርሁት በሰሜን ሕንድ በሩርኪ ከተማ ነው። እዚያ አብሮኝ የተማረ አንድ ወዳጄ የማጁሊ ልጅ ነበርና በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤተሰቡ ይዞኝ ሄደ። ወዳጅነታችን ስላልተቋረጠ ከዚያም በኋላ ተመልሼ አይቻታለሁ፤ እስከ ዛሬም እንጻጻፋለን። የምጽፍላችሁ በዐይኔ ካየሁት፣ በሙያዬ ከማውቀውና ከእርሱ ከሰማሁት ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። 880 ካሬ ኪሎ ሜትር በ2016 በዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ላይ የሰፈረው ስፋት ነው። ቁጥሩ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ግን መሬቱ ቀድሞ ሄዷል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለማጁሊ ይጠቀስ የነበረው ስፋት 352 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የነበረው ስፋት ደግሞ ከ1,200 በላይ እንደነበር ይነገራል። ልዩነቱ በከፊል ከአለካክ የመጣ ነው፤ በደሴቲቱ ዙሪያ ያሉት ቻፖሪ የሚባሉት የአሸዋ ደለሎች ይቆጠሩ ወይስ ይተው፣ ልኬቱ ደረቅ በሆነው በጃንዋሪ ይወሰድ ወይስ ወንዙ በሞላበት በጁላይ፣ ይህ ሁሉ ውጤቱን ይለውጠዋል። የቀረው ልዩነት ግን የእርሻ ማሳ፣ መንደር፣ ትምህርት ቤትና ጸሎት ቤት ነው። ትልቅነቷም ቢሆን እንዲሁ በአንድ ቃል የሚያልፍ አይደለም፤ በብራዚል ያለችው የባናናል ደሴት በብዙ እጥፍ ትበልጣታለች። ማጁሊ እንድትታወቅ ይህ ውድድር አያስፈልጋትም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም መንስኤውን ሲስት መፍትሔውንም ይስታል። ማጁሊ አትሰጥምም። ከፍታዋ እየወረደ ውኃ የሚውጣት ምድር አይደለችም፤ ከጎኗ የምትበላ ምድር ናት። ብራህማፑትራ ከቲቤት ተነሥቶ በአሩናቻል ፕራዴሽ ተራሮች መካከል በከፍተኛ ቁልቁለት ይወርድና ድንገት በአሳም ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ከተራራው የጫነውን አፈር ተሸክሞ መቀጠል ሲያቅተው በየቦታው ያራግፈዋል፤ ያራገፈው ደለል መንገዱን ሲዘጋበት ይሰነጠቃል፤ በብዙ ቅርንጫፍ ይበተናል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ዛሬ በዚህ፣ ከርሞ በዚያ ዳር ላይ ጉልበቱን ያሳርፋል። በኦገስት 15 ቀን 1950 በአሳምና በቲቤት ድንበር አካባቢ የደረሰው በመጠኑ 8.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ነገሩን አባባሰው። ተራሮች ተናዱ፤ ከሰሜን በኩል የሚመጣው የሱባንሲሪ ወንዝ በናዳ ታግዶ ቆይቶ ግድቡን ሰብሮ ወጣ፤ ወደ ዋናው ወንዝ የገባው አፈር የወንዙን ወለል ከፍ አደረገው። ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በጎኑ ያለችው ደግሞ ማጁሊ ናት።

የማጁሊ ዳር ከላይ ደቃቅ ደለል፣ ከሥር ልል አሸዋ ነው። ውኃው ከሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ሲወስድ የላይኛው አፈር መሠረቱ እንደተቆፈረ ግድግዳ በአንድ ጊዜ ይደረመሳል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔንም መጀመሪያ ያስደነቀኝ ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ክፉው ጊዜ ሁልጊዜ ጎርፉ ከፍ ያለበት ጊዜ አይደለም። ወንዙ ሞልቶ ሳለ የውኃው ክብደት ራሱ ዳሩን ደግፎ ይይዘዋል። ውኃው በፍጥነት ሲጎድል ግን እርጥበት የጠገበው አፈር ደጋፊ ያጣና ይናዳል። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ ጋዜጦች «ጎርፉ ቀነሰ» ብለው ዜናውን ሲዘጉ፣ የማጁሊ ገበሬ እንቅልፍ የሚያጣበት ወቅት ይጀምራል።

ጎርፉን ራሱን ሰዎቹ እንደ ጠላት ብቻ አያዩትም። የወዳጄ እናት ይህን በግልጽ ነግረውኛል። ጎርፍ መጥቶ ይሄዳል፤ ሲሄድም ለም ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ክረምት አልፎ ቅዝቃዜው ሲገባ በዚያው ደለል ላይ ሰናፍጭ ይዘራል፤ ደሴቲቱም ቢጫ ትሆናለች። በጥልቅ ውኃ ውስጥ ከውኃው ጋር እየረዘመ የሚያድግ ባኦ የሚባል የሩዝ ዓይነት አላቸው። ሳይቀቀል በውኃ ብቻ ተነክሮ ለስልሶ የሚበላ ኮማል የሚሉት ሩዝም አለ። ይህ ሁሉ ከጎርፍ ጋር ተስማምቶ የኖረ ሕዝብ እውቀት ነው። «ጎርፍ ማሳችንን ያለብሰዋል፤ ሽርሸራው ግን ማሳውን ይወስደዋል» ያሉኝን አልረሳውም። ጽሑፋችሁ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማለፉ ነው እንድጽፍ ያስገደደኝ።

የወዳጄ ቤተሰብ ሚሲንግ ነው። ሚሲንጎች ከብዙ ዘመን በፊት ከአሩናቻል ኮረብቶች ወደ ሜዳው የወረዱ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ ናቸው። ከዴኦሪና ከሶኖዋል ካቻሪ ጋር በጎሳነት የተመዘገቡት የአውራጃው ነዋሪዎች ከጠቅላላው ሕዝብ ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ናቸው። የቀሩት አሆም፣ ኮች፣ ካሊታ፣ ካይባርታ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ኩማሮችና ሌሎችም አሉ። የሚሲንግ ቤት ቻንግ ጋር ይባላል፤ በምሰሶ ላይ የቆመ፣ ወለሉ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት ነው። ከቤቱ ሥር ባለው ጥላ ሴቶቹ ሸማ ይሠራሉ፤ አሳማና ዶሮም እዚያው ይውላሉ። ጎርፍ ሲመጣ ውኃው ከወለሉ ሥር ያልፋል። ወንዙ ወደ ቤቱ ሲጠጋም ምሰሶውም ወለሉም ተነቅሎ ወደ ውስጥ ይጓዛል። የወዳጄ ቤተሰብ ቤት ከተወለደበት ቦታ ተነቅሎ የተሻገረው በዚህ ዓይነት ነው፤ የተወለደበት ቦታ ዛሬ ጀልባ የሚሄድበት ውኃ ነው። ቤቱ ይሻገራል፤ የሩዝ ማሳው ግን አይሻገርም።

ስለ አስተዳደሩ ጽሑፋችሁ አንድ ቃል አላለም። ማጁሊ እስከ 2016 ድረስ በደቡብ ካለው ከጆርሃት አውራጃ ሥር ያለች ንዑስ አውራጃ ነበረች። በሴፕቴምበር 8 ቀን 2016 ራሷን የቻለች አውራጃ ሆና በሕንድ የመጀመሪያዋ የደሴት አውራጃ ተባለች፤ ዋና መቀመጫዋ ጋራሙር ነው። በጊዜው የአሳም ዋና ሚኒስትር የነበሩት ሳርባናንዳ ሶኖዋል ለምክር ቤት የተመረጡት ከዚያው ከማጁሊ ነበር። ለውጪ ሰው ይህ የቢሮ ሰሌዳ መለወጥ ይመስላል። የወንዙን ስፋት ላየ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ቀድሞ የአውራጃ ፊርማ የሚያስፈልገው ሰው ከጆርሃት በኩል ወዳለው የጀልባ ማረፊያ፣ ወደ ኒማቲ ጋት፣ ለመሻገር የመጀመሪያውን ጀልባ ይጠብቅ ነበር፤ ቢሮ ገብቶ «ነገ ተመለስ» ከተባለ ለሚያድርበት ያስብ ነበር፤ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ጀልባ ከሄደ በኋላ ወንዙን የሚሻገር የለም። ማታ ምጥ የያዛት ሴት ወይም ልቡ የታመመ ሽማግሌ ከደሴቲቱ ሐኪም በላይ የሚያስፈልግ ሕክምና ቢፈልግ ንጋትን መጠበቅ ነው። ወንዝ ሰዓት እላፊ ያወጀበት አውራጃ ማለት ይህ ነው፤ ይህን ያልገለጸ ጽሑፍ ስለ ማጁሊ ነገረን ማለት ይከብደኛል።

አውራጃነቷ አምስት ዓመት በሞላበት ዕለት፣ በሴፕቴምበር 8 ቀን 2021፣ ኒማቲ ጋት አጠገብ ሰው የጫነ የግል ጀልባ ከመንግሥት ጀልባ ጋር ተጋጭቶ ተገለበጠ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ሞተር የግል ጀልባዎች ሰው እንዳይጭኑ ታገዱ። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ማጁሊን ከጆርሃት ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ሥራን የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር አስጀምረዋል። ድልድዩ ያስፈልጋል፤ ደሴቲቱ «ውበቷን ታጣለች» እያሉ የሚቃወሙ ጎብኚዎችን አልሰማቸውም፤ ሌሊት የታመመ ልጅ ይዘው ወንዝ ዳር ቆመው አያውቁምና። ነገር ግን ድልድይ ዳርን ከመናድ አያድንም። እንዲያውም ስለ ድልድዩ የሚወራው ስለ ዳሩ የሚወራውን እንዳይሸፍነው እፈራለሁ።

ዳሩን ለማዳን ብዙ ተሠርቷል፤ ያልተሠራ ይመስል መጻፍ ትክክል አይደለም። ከ1950ው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በአሳም ሜዳ ላይ ረጃጅም የአፈር ግድቦች በወንዙ ዳርና ዳር ተገነቡ። በ1980 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የብራህማፑትራ ቦርድ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የማጁሊን ዳር የመጠበቅ ሥራ ተረክቧል። በአሸዋ የተሞሉ ትልልቅ ከረጢቶች ይደረደራሉ። እንደ ጃርት ወደየአቅጣጫው የሾሉ፣ በብሎን የተያያዙ የኮንክሪት እግሮችም በወንዙ ጠርዝ ይተከላሉ፤ የውኃውን ፍጥነት ቀንሰው ደለል እንዲያርፍ ያደርጋሉ። እንደ ባለሙያ አስተያየቴን ልስጥ፤ ፍሰቱ ቀለል ባለበት ቦታ እነዚህ እግሮች በእርግጥ ይሠራሉ፤ አዲስ ሣር የበቀለበት ደለል በእነርሱ ኋላ አይቻለሁ። ወንዙ ጥልቅ ሆኖ በቀጥታ ዳሩን በሚመታበት ቦታ ግን ከነመሠረታቸው ይወሰዳሉ። የአፈር ግድቡም ጎርፉን ሲከለክል ደለሉንም ከማሳው ከልክሎ ወንዙ ውስጥ ያስቀረዋል። ከላይ በሱባንሲሪ ላይ ደግሞ 2,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ተገንብቷል፤ ሥራው ከ2011 እስከ 2019 በታችኛው ተፋሰስ ሕዝብ ተቃውሞ ቆሞ ነበር። ተቃዋሚዎቹን «ልማት የማይወዱ» ማለት ቀላል ነው። ከግድብ በታች የሚኖር ሰው ውኃው መቼ እንደሚለቀቅ ማወቅ መፈለጉ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው።

ፎቶግራፍ ወዳነሣችሁለት ጭምብል ልምጣ። እርሱ ለጎብኚ የተሰቀለ ጌጥ አይደለም። ከ1449 እስከ 1568 እንደኖሩ የሚነገርላቸው ሻንካርዴቭ የተባሉት ቅዱስና ደቀ መዝሙራቸው ማድሃቭዴቭ ያስፋፉት የሂንዱው አምላክ የቪሽኑ አምልኮ በአሳም ሳትራ የሚባሉ ገዳማትን ፈጠረ። የእነርሱ ማዕከል ማጁሊ ናት። አውኒያቲ፣ ዳኪንፓት፣ ካማላባሪ፣ ጋራሙር ከታወቁት መካከል ናቸው፤ አውኒያቲ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሳምን ይገዙ በነበሩት በአሆም ነገሥታት ድጋፍ የተመሠረተ ነው። በአንዳንዶቹ ሳትራዎች ወንዶች ልጆች ከሕፃንነታቸው ገብተው ሳያገቡ ይኖራሉ፤ ጸሎቱን፣ ከበሮውን፣ ውዝዋዜውን ይማራሉ። ያ ውዝዋዜ፣ ሳትሪያ፣ በ2000 ከሕንድ ክላሲካል ውዝዋዜዎች አንዱ ሆኖ እውቅና አግኝቷል። ጭምብሉ ባኦና ለሚባለው መንፈሳዊ ተውኔት ይሠራል። በሳማጉሪ ሳትራ ሲሠሩት አይቻለሁ፤ መጀመሪያ የቀርከሃ አጽም ይጎነጎናል፣ ጨርቅ ይለብሳል፣ ሸክላ ይቀባል፣ ከዚያም ሸክላና የከብት እበት ተደባልቆ ፊቱ ይቀረጻል፤ በመጨረሻ ቀለም። በ2024 የማጁሊ ጭምብልና የእጅ ጽሑፍ ሥዕል የአካባቢ መለያ የሕግ ጥበቃ ተሰጥቷቸዋል። በኖቬምበር አካባቢ ራስ የሚባለው የክሪሽና በዓል ሲከበር ደሴቲቱ በሙሉ መድረክ ትሆናለች።

ነገር ግን ሳትራዎቹም መሬት ላይ የቆሙ ናቸው። በአንድ ወቅት ከ60 በላይ ነበሩ ይባላል፤ ዛሬ በደሴቲቱ የቀሩት ከዚያ ግማሽ አይሞሉም። ሌሎቹ ወንዙ ሲደርስባቸው ወደ ዋናው ምድር ተሻገሩ። ሻንካርዴቭና ማድሃቭዴቭ መጀመሪያ የተገናኙበት ነው የሚባለው ቦታ ራሱ በወንዙ ተወስዷል።

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረችው ግን በደሴቲቱ ደቡብ ዳር ያለችው የሳልሞራ መንደር ናት። የሳልሞራ ሴቶች ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው እየቀረጹና እየመቱ ማሰሮ ይሠራሉ። ወንዶቹ ከወንዙ ዳር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ሸክላውን ያወጣሉ፤ ወንዙ ከላይ ባመጣው እንጨት ይተኩሱታል፤ ከዚያ በጀልባ ጭነው በወንዙ ዳርቻ ባሉ መንደሮች በሩዝ ይለውጡታል። ዳሩን የሚጠብቁት መሥሪያ ቤቶች ቁፋሮውን አይወዱትም፤ ዳሩን ያሳሳል ይላሉ፤ እንደ መሐንዲስ ስናገር ስጋታቸው መሠረት አለው። ነገር ግን ዳሩ ላይ ከረጢት ሲደረደርበት ሸክላው ከሥር ይቀራል፤ ሸክላ የሌለው ሸክላ ሠሪ ደግሞ ሩዝ የለውም። ከመሬት ሌላ ሀብት የሌለው ሰው መሬቱን እንዳይነካ ሲነገረው ምትክ ሊሰጠው ይገባል። ሸክላ ከሌላ ቦታ በጀልባ ማምጣት ይቻላል፤ ከወንዙ ርቆ ካለ መሬት ለሸክላ የሚሆን ቦታ መከለል ይቻላል። ይህ የምህንድስና ችግር አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር የመነጋገር ጉዳይ ነው።

ዋናው አቤቱታዬም እዚህ ላይ ነው። ወንዙ የወሰደው እያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር ባለቤት ነበረው። ማሳው የሄደበት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው በአፈር ግድቡ አናት ላይ ነው፤ ከፍ ያለ ደረቅ መሬት እርሱ ብቻ ነውና። ግድቡ ግን የመንግሥት ነው፤ በእርሱ ላይ የሰፈረ ሰው የመሬት ወረቀት አያገኝም። ወረቀት የሌለው ሰው ከባንክ አይበደርም፤ የማይበደር ሰው በሬ አይገዛም፤ ልጁ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ደቡብ ሕንድ ከተሞች በጥበቃና በቀን ሥራ ይሰማራል። የተወሰደው አፈር ደግሞ ከዓመታት በኋላ በሌላ ቦታ አሸዋ ሆኖ ብቅ ሲል ማን ያርሰዋል? በሕንድ የተፈጥሮ አደጋዎች ዝርዝር ውስጥ ጎርፍ፣ ድርቅ፣ አውሎ ነፋስና ናዳ ሲኖሩ የወንዝ ዳር ሽርሸራ ለረጅም ጊዜ አልነበረም፤ ስለዚህ መሬቱን በጎርፍ ያጣና በሽርሸራ ያጣ ሰው በአንድ ዐይን አይታዩም ነበር። ከ2021 እስከ 2026 ላለው ዘመን የሠራው አሥራ አምስተኛው የፋይናንስ ኮሚሽን በሽርሸራ ለተፈናቀሉ ሰዎች ማስፈሪያ ገንዘብ እንዲመደብ ማሳሰቡ ትልቅ እርምጃ ነው። ገንዘቡ ግድቡ ላይ ለሰፈረው ሰው የመሬት ወረቀት ሆኖ መድረሱን መከታተል ደግሞ የጋዜጠኞች ሥራ ነው።

ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከማጁሊ ፊት ለፊት ባለ የአሸዋ ደለል ላይ ጃዳቭ ፓየንግ የተባለ የሚሲንግ ተወላጅ ከ1979 ጀምሮ ዛፍ እየተከለ ደን አብቅሏል፤ በ2015 ከአገሪቱ የሲቪል የክብር ሽልማቶች በደረጃ አራተኛ የሆነውን ፓድማ ሽሪን ተቀብሏል። ከእርሱ ያነሰ የሚወራለት ሳንጆይ ጎሽ ነው። ይህ የልማት ሠራተኛ በ1996 ከባልደረቦቹ ጋር ማጁሊ ገብቶ ከሕዝቡ ጋር መኖር ጀመረ። በ1997 የመንደሩ ሰዎች በነጻ ጉልበታቸው፣ በእጃቸው ባለው ቀርከሃና እንጨት፣ የወንዙን ዳር ለመከላከል ሠሩ። ሕዝብ በራሱ እጅ በትንሽ ወጪ መሥራት መቻሉ ከግድብ ሥራ የሚያተርፉትን አስቆጥቶ ነበር ይባላል። በጁላይ 1997 ኡልፋ የተባለው ተገንጣይ ታጣቂ ቡድን አግቶ ወሰደው፤ ተገደለም፤ አስከሬኑ ለቤተሰቡ አልተመለሰም። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወዳጄ ስለ እርሱ ሲያወራ ድምፁ ይሰበራል። ስለ ማጁሊ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ለፀሐይ መጥለቂያ ቦታ ከተገኘ ለዚህ ሰው ስም ሊጠፋ አይገባም ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። 880 የሚለው ቁጥር በሚቀጥለው እትም ይታረም። ማጁሊ ትሰጥማለች የሚለውም ይታረም። ስለዚያች አውራጃ ዳግም ስትጽፉ ደግሞ ድልድዩ የሚመረቅበትን ቀን ብቻ አትጠብቁ፤ በኦክቶበር፣ ውኃው ሲጎድልና ዳሩ ሲናድ ጠይቁ። በሚናደው ዳር ላይ የሚኖረውን ሰው የሚያነጋግር ጸሐፊ ካላችሁ፣ ወዳጄ እንግሊዝኛም አሳምኛም ሚሲንግኛም አስተርጓሚ ሆኖ ሊረዳው ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል፤ ለዝግጅት ክፍላችሁ ስልክ ደውዬ ላገናኛችሁ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የውኃ መሐንዲስ፣ የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ